ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ፦ የመንገድ ዳር ጉዶችን ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ቁጥር 15 በዚያ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በደንብ ያውቀዋል። ሠርግ ሲኖር እንሄድበታለን፤ ለቅሶ ሲሰማ በሌሊት እንነዳበታለን፤ ክርስትና ሲኖር ድፎ ዳቦውን ከኋላ ወንበር ጭነን እናቋርጠዋለን። ርቀቱ 270 ማይል ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያውቀዋል ስል ግን አስፋልቱን ማለቴ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት ከፊቴ ከሚሄደው መኪና የኋላ መብራት በስተቀር ያየሁት ነገር አልነበረም። ግራና ቀኙን "ምንም የሌለበት በረሃ" ብዬ ትቼው ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ከኋላ ወንበር "አባዬ፣ ያ ረጅሙ ነገር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከአሥር ጊዜ በላይ አጠገቡ አልፌ መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው መውጫ ዞረን ተመለስን። ቴርሞሜትር ነበር፤ እንደ ፎቅ ቤት የቆመ ቴርሞሜትር! ከዚያ ቀን ወዲህ የሞሃቪን በረሃ በአራት ሰዓት አቋርጬው አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው አሠራር ነው፤ ስህተቶቼም አብረው አሉ።

1. ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ። በበጋቸው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቤከር በምትባለው የመንገድ ዳር ከተማ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ከመኪና ወርዶ አሥር ደቂቃ መራመድ ራሱ ቅጣት ይሆናል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ላስ ቬጋስ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሎስ አንጀለስ አትንዱ፤ የከተማው ሕዝብ ሁሉ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ጥሩ ቀኖች ናቸው።

ለጉዞው ሙሉ ቀን መድቡ። ወደ ሠርግ እየሄዳችሁ ይህን አትሞክሩ፤ ከሚዜዎቹ አንዱ ከሆናችሁማ ጨርሶ አታስቡት።

2. መኪናውን አዘጋጁ

ጎማ፣ የራዲያተር ውሃ፣ ባትሪ፣ ፍሬን። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የሚረሳው ስኮርታው ነው። ኬልቤከር በሚባለው የበረሃ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ክሪኩንና መፍቻውን በኩራት አውጥቼ ስኮርታውን ሳወርደው እንደ ቂጣ ተኝቶ አገኘሁት። መኪናውን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ነፋስ አስሞልቼው አላውቅም ነበር። ለአርባ ደቂቃ ያህል አንድም መኪና አላለፈም። በመጨረሻ ፒክአፕ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ቆሙልኝ፤ ከባትሪ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የነፋስ መሙያ ነበራቸው። ምንም ሳይናገሩ ስኮርታውን ሞሉልኝ፤ ሊሄዱ ሲሉ ብቻ የውሃ ጠርሙሴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሽ ሊትር ነበር የቀረኝ።

ስለዚህ፦ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር ውሃ፣ ከዚያም በላይ ለመኪናው ትርፍ። የነዳጁ ጠቋሚ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ሙሉ፤ ባርስቶና ቤከር ላይ ማደያ እያያችሁ አትለፉ። የነፋስ መሙያውን እኔም ገዝቻለሁ፤ ከመቀመጫው ሥር አይጠፋም።

ስንቅን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እንጀራ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ያ ደረቅ አየር ፎቶ አንስታችሁ እስክትመለሱ ጠርዙን ያደርቀዋል፣ ወጡም ከመኪና ወንበር ጋር ይጣላል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ብርቱካንና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይበቃሉ።

3. ካርታውን ቤት ሆናችሁ አንብቡ

በበረሃው ሰፊ ክፍል ስልክ አይሠራም። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ አንድ የወረቀት ካርታም ያዙ። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ የሳተላይት ፎቶ ከፍታችሁ መንገዱን ከላይ ሆናችሁ ሂዱበት።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ከአዲሱ አውራ ጎዳና ጎን ለጎን የሚሄድ አሮጌ ጠባብ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ በአሸዋ መካከል ያለች አረንጓዴ ነጥብ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ በረሃ ሰው የሰፈረው የእንፋሎት ባቡር ውሃ በሚሞላበትና በኋላም የመኪና ተጓዥ በሚያርፍበት ቦታ ነበር። በ1926 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሰየመው መንገድ ቁጥር 66 እነዚህን መንደሮች ሲመግባቸው ኖረ። አዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች በሌላ በኩል ሲያልፉ መንደሮቹ ደንበኛ አጡ፤ በ1985 መንገዱ ራሱ ከአገሪቱ የመንገዶች መዝገብ ተሠረዘ። ጉዱ የቀረው እንግዲህ በአሮጌው መስመር ላይ ነው።

የባቡሩን ሐዲድ በካርታ ስትከተሉ አንድ ደስ የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ጣቢያዎቹ የተሰየሙት በላቲን ፊደል ተራ ነው፦ አምቦይ፣ ብሪስቶል፣ ካዲዝ፣ ዳንቢ እያለ ይቀጥላል። የሐዲዱ ሰዎች ለባዶ መሬት ስም ማውጣት ሰልችቷቸው እንደ ሀ ሁ ቆጠሩት።

ከዚያ አራት ወይም አምስት ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። እኔ መጀመሪያ አሥራ ስምንት ምልክት አድርጌ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ሰዓት ስቆጥር ዋልሁ።

4. ከመውረዳችሁ በፊት እነዚህን እወቁ

"መግባት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ካለ አትግቡ፤ የፈረሰ የሚመስል ቤት ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። የቆዩ የማዕድን ጉድጓዶች አፋቸው ክፍት ነው፣ ጠርዛቸው ይናዳል፣ ውስጣቸው የታመቀ መርዘኛ አየር ሊኖር ይችላል። ወደ አፋፋቸውም አትጠጉ፤ ልጆችን በእጅ ያዙ። ድንጋይ ስታነሡ እባብ አለ ብላችሁ አስቡ። ዝናብ ከሩቅ ተራራ ላይ ሲጥል ካያችሁ ከደረቁ የጎርፍ ቦዮች ራቁ፤ ጎርፉ የሚመጣው እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ከጥርጊያ መንገድ ወጥታችሁ አሸዋ ላይ አትንዱ። መኪናው ከተበላሸ ደግሞ ከመኪናው አትራቁ፤ ከእግረኛ ይልቅ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ ጥላም ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ይልካሉ፤ የእናንተ ይህ ካለው አጠቃቀሙን ከቤት ሳትወጡ ተለማመዱት። በየት በኩል እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትደርሱም ለአንድ ሰው ንገሩ።

5. ቪክተርቪል ላይ ከአውራ ጎዳናው ውጡ

የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ነው። ከቪክተርቪል እስከ ባርስቶ አሮጌው መንገድ 66 ከአዲሱ ጎን ይሄዳል። ቢዘገይ ሃያ ደቂቃ ነው። ኦሮ ግራንዴ የምትባለውን ትንሽ መንደር እንዳለፋችሁ በስተግራ በኩል የሚያብረቀርቅ ነገር ታያላችሁ፤ ኤልመር ሎንግ የሚባል ሰው ከ2000 ጀምሮ የተከለው የጠርሙስ ደን ነው። ሰውየው በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በረሃ ለበረሃ እየዞረ ጠርሙስ ይሰበስብ ነበር። የብረት ቧንቧ አቁሞ፣ ቅርንጫፍ አበጅቶለት፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ ጠርሙስ ሰካ። እንዲህ ያሉት ዛፎች ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። አንዳንዱ ዛፍ አናቱ ላይ የዛገ ጠመንጃ አለው፣ አንዳንዱ የጽሕፈት መኪና፣ አንዳንዱ ቸርኬ። ኤልመር በ2019 አረፈ፤ ደኑ ግን አለ። መግቢያ አይከፈልም፤ የመዋጮ ሣጥን አለ፣ ባዶ እጃችሁን አትለፉት።

እዚህ ስትደርሱ ወዲያው ፎቶ አታንሡ። ሞተሩን አጥፉ፣ መሃል ግቡና ዝም በሉ። ነፋስ ሲመጣ ጠርሙሶቹ ያፏጫሉ፤ ትልቁ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሹ ቀጭን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ መሬቱ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ ይወድቃል፤ ልጄ ነጠብጣቡን ሳትረግጥ ለመሄድ ስትዘል ጫማዋ ሁሉ ቀለም የተቀባ መስሎ ነበር።

6. ዓይናችሁን በምልክት አሠልጥኑ

ከባርስቶ በኋላ ካሊኮ አለች፤ በ1881 የተቆረቆረች የብር ማዕድን ከተማ። የብር ዋጋ ሲወድቅ ሰዉ ጥሏት ሄደ፤ አሁን የአውራጃው መናፈሻ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔን ብዙም አልማረከችኝም። አብዛኛው ሕንፃ እንደገና የተሠራ ነው፣ መግቢያ ይከፈላል፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ይበዛል። ልጆች ካሉ ግቡ፤ ከሌሉ እለፉ።

የተሻለው ወደፊት ነው። መንገድ ዳር ጉድ መኖሩን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ፦ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ፣ ምንም በሌለበት ቦታ የቆሙ ሦስት አራት መኪኖች፣ በበረሃ መካከል በሰልፍ የተተከለ ዘንባባ (ዘንባባ ራሱ አይሰለፍም፤ ሰው አሰልፎታል ማለት ነው)፣ እንዲሁም ግራ የሚያጋባ የመውጫ ስም። የመጨረሻው ምርጥ ምሳሌ መውጫ 239 ነው። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ አናባቢ የሌለው፣ አንዱን ፊደል ደጋግሞ የጻፈ ስም ታያላችሁ፤ ሲነበብ ዛይዚክስ ነው። እኔ ለዓመታት የሰሌዳ ስህተት ይመስለኝ ነበር።

ግቡ። አራት ማይል ተኩል ነው፤ ከፊሉ ጠጠር ቢሆንም ተራ የቤት መኪና ይሄድበታል። በስተግራችሁ ሶዳ ሐይቅ ይከተላችኋል፤ ሐይቅ ይባል እንጂ የደረቀ ነው፣ ጨዉ እንደ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰ። መጨረሻው ላይ የተሰለፉት ዘንባባዎች አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከርቲስ ስፕሪንገር የሚባል የሬዲዮ ሰባኪ በ1944 መሬቱን በማዕድን ፈላጊነት ስም ያዘው። ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ ይል ነበር። ከሎስ አንጀለስ ጎዳና የወሰዳቸውን ችግረኞች አሠርቶ ማረፊያና መታጠቢያ አስገነባ፣ መድኃኒት ብሎ የቀመማቸውን በሬዲዮ ሸጠ፣ ስሙንም ራሱ ፈጠረው፤ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጨረሻው ቃል እንዲሆን። "ፍል ውሃ" ያለው ገንዳ የሚሞቀው በቦይለር ነበር! ፍል ውሃ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው። መንግሥት በ1974 አስለቀቀው፤ አሁን ግቢው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የበረሃ ጥናት ማዕከል ነው። ስለዚህ በእግር ዙሩ እንጂ ሕንፃ ውስጥ አትግቡ፣ ተመራማሪዎችንም አትረብሹ።

ከመውጣታችሁ በፊት ኩሬው ዳር ቆዩ። ያ አጭበርባሪ ባስቆፈረው ኩሬ ውስጥ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጡ አሣዎች አሉ። ሞሃቪ ቱዊ ቸብ ይባላሉ፤ በሞሃቪ ወንዝ ውስጥ ከሌላ ዘር ጋር ተደባልቀው ሊጠፉ ሲሉ ንጹሕ ዘራቸው የተገኘው እዚህ ቦታ ነው። ተጎንብሳችሁ ጥላችሁን ውሃው ላይ ሳትጥሉ ጠብቁ፤ መጀመሪያ ውሃው ብቻ ይታያል፣ ዓይን ሲለምድ ጥቁር ጀርባቸው ይለያል።

7. ቤከር፦ ቁሙ፣ ሙሉ፣ እለፉ

ልጄ የጠየቀችኝ ቴርሞሜትር እዚህ ነው። 134 ጫማ ይረዝማል፤ ቁጥሩ የተመረጠው በ1913 ዓ.ም. በአቅራቢያው በሞት ሸለቆ ከተመዘገበው የ134 ዲግሪ ፋረንሃይት ሙቀት ጋር እንዲመሳሰል ነው። ያሠራው የከተማዋ ነጋዴ ዊሊስ ሄሮን በ1991 ነበር። ከዚያ ለብዙ ጊዜ መብራቱ ጠፍቶ ቆይቶ በ2014 ቤተሰቡ እንደገና አበራው። ከሥሩ ቆማችሁ ቀና በሉ፣ ሙቀቱን ጻፉ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ሂዱ። ከዚህ በላይ የሚያስቆይ ነገር የለውም።

ላስ ቬጋስ ልትገቡ ስትሉ በመውጫ 25 ወጥታችሁ በአሮጌው የላስ ቬጋስ ቡልቫርድ ወደ ደቡብ ሰባት ማይል ያህል ብትመለሱ በደማቅ ቀለም የተቀቡ ግዙፍ ድንጋዮች ተደራርበው ታገኛላችሁ። የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ኡጎ ሮንዲኖኔ ሥራ ነው፤ በ2016 ሲቆም ለሁለት ዓመት ታስቦ ነበር፣ ቆይታው ተራዘመ። ሰው ስለሚበዛ ጠዋት ማለዳ ይሻላል።

8. ስትመለሱ በሌላ መንገድ ተመለሱ

በሄዱበት መመለስ ግማሹን በረሃ መተው ነው። ቤከር ላይ ነዳጅ ሞልታችሁ ወደ ደቡብ በኬልቤከር መንገድ ውረዱ። እስከ አምቦይ ከሰባ ማይል በላይ ነው፤ በመካከል ማደያ የለም። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን በሞሃቪ ጥብቅ ሥፍራና በአውራጃው የመንገድ ገጾች ላይ አረጋግጡ፤ ጎርፍ ድልድይና አስፋልት ደጋግሞ ያበላሽበታል። በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ድንጋይም ሆነ የዛገ ቆርቆሮ ማንሣት ክልክል ነው።

የቆየ ወሬ ይዛችሁም አትሂዱ። በ1990ዎቹ በዚህ በረሃ መካከል፣ ከአስፋልት ርቆ፣ አንድ የስልክ ዳስ ነበር። ወሬው በኢንተርኔት ሲሰማ ከዓለም ዙሪያ ሰው ይደውልለት ጀመር፤ ለማንሣት ብሎ የሚሄድም ነበር። በ2000 ተነቀለ። ዛሬም ድረስ እርሱን ፍለጋ የሚወጡ አሉ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ኬልሶ ላይ በ1924 የተሠራ የሚያምር የባቡር ጣቢያ ሕንፃ አለ፤ ውስጡ ዝግ ቢሆን እንኳ ከውጭ እዩት። ከዚያ አልፎ ከ600 ጫማ በላይ ከፍታ ያለው የአሸዋ ክምር አለ። አሸዋው ደረቅ ሲሆን ከጫፉ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ታች ስትንሸራተቱ ከሥራችሁ ያጉረመርማል፤ ከሩቅ የሚመጣ ከበሮ ይመስላል። ለመውጣት ሁለት እርምጃ ወደ ላይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ታች ነው፤ በማለዳ ካልሆነ አይሞከርም።

9. አምቦይ ላይ ሰው አናግሩ

የአምቦይ ምልክት ሮይስ የሚለው የአሮጌው ሞቴልና ካፌ ግዙፍ ሰሌዳ ነው፤ በ1959 ቆመ። አውራ ጎዳና 40 በ1973 ሲከፈት ተጓዡ በአንድ ጊዜ ራቀ፤ የሰሌዳውም መብራት ጠፋ። በ2005 አልበርት ኦኩራ የሚባል የዶሮ ምግብ ቤቶች ባለቤት ከተማዋን በሙሉ ገዛት፤ በ2019 ሰሌዳው እንደገና በራ። ቤንዚን አለ፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ዝም ብላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትሂዱ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ግዙ፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ላለው ሰው "ሰው የማያየው ምን አለ?" በሉት። "እዚህ ምን ይታያል?" ካላችሁ የሚመልሰው ሰሌዳውን ነው። በዚያ ቀን የተሰጠኝ መልስ ከመንገዱ ጎን ያለውን የአፈር ክምር እንዳይ ነበር።

ሄጄ አየሁ። ጎርፍ ለመመለስ በሐዲዱ በኩል የተከመረው አፈር ላይ መንገደኞች ስማቸውን በድንጋይ ጽፈዋል፤ በማይሎች ርዝመት፣ ስም ከስም አጠገብ፣ ልብ የተሣለበትም አለ። በመኪና ቀስ ብላችሁ መስኮት ከፍታችሁ አንብቡ፤ ለፎቶ መቆም ከፈለጋችሁ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ። ልጄ አንድም የአማርኛ ስም ባለማየቷ ተናደደች። የወዳደቀ ድንጋይ ለቅማ የራሷን ልትጽፍ ተነሣች፤ የሌላ ሰው ስም እንዳታፈርስ ብቻ አስጠነቀቅኋት። "ሰ" በአሥራ አንድ ድንጋይ ተፈጸመ። "ላ" አላስቸገረም። "ም" ላይ ስንደርስ ግን እግሯን በየት በኩል እንደምናወጣው ተከራከርን፣ ፀሐይዋም ገባች።